ሰዓቱ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው?

ስለ ዶሮ ሥጋ ምርመራ ያነበብሁት ጽሑፍ፣ በሥጋው ላይ ያለን ሳልሞኔላ (ሰውን የሚያሳምም ባክቴሪያ) ፒሲአር በተባለው፣ የባክቴሪያውን ዲኤንኤ (የዘር ውርስ ቁስ) አባዝቶ በሚለይ ዘዴ በጥቂት ሰዓታት ማወቅ ይቻላል ማለቱ ስሕተት ባይሆንም፣ ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው ከየት እንደሆነ አለመግለጹ አንባቢን ሊያሳስት ይችላል። በ25 ግራም ናሙና ውስጥ የሚገኘው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ሊሆን ስለሚችል፣ ናሙናው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ በማራቢያ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ለ18 ሰዓት ያህል መቆየት አለበት፤ ፒሲአር የሚያሳጥረው ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ያም ሆኖ ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ ሳሕን ላይ አሳድጎ ለማረጋገጥ ከሚፈጀው ከ3 እስከ 5 ቀን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ይህን የምለው በለገጣፎ አቅራቢያ የሥጋ ዶሮ ስለማረባ ነው። ባለፈው ዓመት የላክሁት ናሙና ውጤት የደረሰኝ ዶሮዎቹ ተሸጠው ካለቁ በኋላ ነበር (የበዓል ገበያ ላቦራቶሪን አይጠብቅም)።

እንደ እኔ አስተያየት፣ ለከተማ ዳር አርቢ ይበልጥ የሚስማማው ጽሑፉ ያላነሣው ላምፕ የተባለው ዘዴ ነው። ዲኤንኤውን ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ወጥ ሙቀት ስለሚያባዛ፣ እንደ ፒሲአር ሙቀት እያፈራረቀ የሚሠራ ውድ መሣሪያ አያስፈልገውም፤ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ደግሞ በባትሪ ሊሠራ መቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ሁለቱም ዘዴዎች ግን የሞተ ባክቴሪያን ዲኤንኤ ጭምር ሊያሳዩ ስለሚችሉ፣ ባክቴሪያው አለ የሚል ውጤት ሲገኝ በማሳደግ ማረጋገጡ አይቀርም፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው ለመፈተሽም ቢሆን በሕይወት ያለው ባክቴሪያ ያስፈልጋል።