ይድረስ መስኮቴን ወስደው ለተኙት ጋሼ

ይድረስ ለማከብርዎ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአንገቴ በቀር በጣም ደህና ነኝ። አንገቴ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር ሲቀሰር ስለዋለ እስካሁን ወደ ግራ አልዞርም ብሏል።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎ። በዚያ የኅዳር ጠዋት በረራ አጠገብዎ የነበርኩት ነኝ። «ልጄ፣ መስኮት ዳር ካልሆንኩ ያዞረኛል» ሲሉኝ ብድግ ብዬ ቦታዬን የለቀቅኩልዎ። ምን ላድርግ? ሽበት አለ። ጋቢ አለ። ይሉኝታ አለ። እምቢ ብል ኖሮ ወሬው ከእኔ ቀድሞ እናቴ ጋ ይደርስ ነበር።

ያ ቦታ ግን እንዲሁ የተገኘ እንዳይመስልዎ። ካርታ ዘርግቼ፣ አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቼ የመረጥኩት ነው። ወደ ጎንደር ሲበር ጮቄም ጣናም በግራ ናቸው። ሲመለሱ ደግሞ በቀኝ። አውሮፕላኑንም አጣርቻለሁ። ኪው 400 ነው፣ ባለ ፕሮፔለሩ። ክንፉ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ እንደ ትልልቆቹ ጄቶች ግማሹን አገር አይጋርድም። ሽቅብ ወጣ ቢባል 25,000 ጫማ ነው፣ ወደ 7,600 ሜትር። ጮቄ ራሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ተራራው መጥቶ ሰላም ሊልዎ ምንም አይቀረው። ሞተሩ እንዳይከልለኝ ብዬም ወደ ኋላ ያለ ወንበር ነበር የያዝኩት።

ይህን ሁሉ በአንዲት «ያዞረኛል» ወሰዱት።

መጀመሪያ ላይ ተስፋ ነበረኝ። ስልክዎን አውጥተው ፕሮፔለሩን ፎቶ አነሱ፣ እዚያው ለሰው ሊልኩ ሞከሩ። (በፎቶው ላይ የተጣመመና የተቆራረጠ መስሎ ከታየዎ አይደንግጡ፣ አውሮፕላኑ ደህና ነው። የስልክ ካሜራ ምስሉን በአንዴ ሳይሆን መስመር በመስመር ስለሚያነብ፣ ፈጥኖ የሚሽከረከር ነገር ያምታታዋል።) ከዚያ እንጦጦን በወጉ ሳንሻገር ያችን መጋረጃ ሳብ አድርገው ዘጓት። ቀጭ!

ፀሐይ አስቸግራዎ ይሆናል እንዳልል፣ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ነበረች።

ዓባይ በረሃን በመኪና የሄደ ሁሉ ያውቀዋል። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ ጆሮ ይደፈናል። ፍሬን ይሸታል። አንድ ሕፃን የግድ ያስመልሰዋል። እኔም ከአንድም ሁለት ጊዜ በዚያ መንገድ ሄጃለሁ፤ ያየሁት ግን የፊት ለፊቱን ወንበር ጀርባ ነው። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ እንኳ ከላይ ቁልቁል ልየው ብዬ ቆርጬ የተነሳሁት። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። እርስዎ ግን እዚያው ዓባይ ላይ ማደሪያ አገኙ። ግንዱም እኔ ነበርኩ፤ ትከሻዬን ተንተርሰው ነበርና። መስኮቱን እንኳ አልተደገፉትም።

ከመተላለፊያው ማዶ የተቀመጠችውን ልጅ እግዚአብሔር ይስጣት። መስኮቷን ከፍታ ነበር። ከትከሻዋ በላይ ስኒ በምታክል ክፍተት የደቡብ ጎንደርን ምድር አየሁ። ማሳው እንደ ድሪቶ ተጣጥፏል። ቢጫ ጤፍ፣ ቡናማ እርሻ፣ ደግሞ ቢጫ። በመሃሉ ክብ ክብ የሆኑ አረንጓዴ ነጠብጣቦች። በእያንዳንዱ ነጠብጣብ መሃል አንዲት ቆርቆሮ ብልጭ ትላለች። ደብር ነው ለካ! ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ዛፉ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ብቻ ተርፏል። እታች ቆሞ አንዱን ደብር የሚያይ ሰው «እንዴት ያለ ደን ነው!» ይላል። በደብርና በደብር መካከል ምን ያህል ባዶ መሬት እንዳለ የሚታየው ከላይ ነው። ልቀስቅስዎ አሰብኩ። ግን ምን ብዬ? «ጋሼ፣ ይነሱ፣ በሰው መስኮት ደን አየሁ» ልበል?

ከዚያ ጣና ደረሰ። መድረሱንም ያወቅኩት ልጅቷ ወደ እኛ በኩል ስትንጠራራ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርዎ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን «ዓባይ ጣናን አቋርጦ ሲያልፍ ከሐይቁ ውሃ ጋር አይቀላቀልም» ብለውን ነበር። እጄን አውጥቼ «እንዴት ይታወቃል?» ብላቸው «ከላይ ሲታይ» አሉኝ። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ከላይ የማይበትን ቀን ስጠብቅ ኖርኩ። ቀኑ ደረሰ። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ውሃ፣ ከነደሴቶቹ፣ ከነገዳማቱ፣ ክንድ በማትሞላ ፕላስቲክ ተጋረደ።

እጄን ወደ መጋረጃዋ ሰደድኩ። ልነካት ስንት ቀረኝ? ሁለት ጣት። እርስዎ አንኮራፉ። እኔ «ይቅርታ» አልኩ። ለተኛ ሰው! ይቅርታ! እጄንም መለስኩ።

ልናርፍ ስንል ሆስተሷ መጥታ «መጋረጃ ይክፈቱ» አለችዎ። ሕግ ነው። ሲነሱና ሲያርፉ መስኮት የሚከፈተው፣ ውጭ እሳት ቢነሳ እንዲታይ፣ ዓይንም ብርሃኑን እንዲለምድ ነው። እርስዎ ከፈቱት። አዘዞ ነበርን። የታየው ሣር ነው። አንድ በሬም ያየሁ መሰለኝ።

ዓይንዎን አሸት አሸት አድርገው ወደ ውጭ አዩና «ይሄን ለማየት ነው እንዴ ሰው መስኮት መስኮት የሚለው?» አሉኝ። እኔም ሳቅኩልዎ። አዎ፣ ሳቅኩልዎ።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። ደብዳቤውን ያጻፈኝ በኋላ ሻንጣ ስንጠብቅ የሰማሁት ነው። በስልክ፣ አዳራሹ እስኪሰማ ድረስ፣ «ጣናን እኮ ከላይ ቁልቁል አየሁት! ደሴቱ ሁሉ ቁልጭ ብሎ! እንዲህ ነው እንጂ መሄድ!» ሲሉ ነበር።

እንግዲያው ጋሼ፣ እርስዎ ካዩት፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ዓባይ ይቀላቀላል ወይስ አይቀላቀልም?

መልስዎን በናፍቆት የሚጠብቅ፣
መተላለፊያ ዳር የቀረው ልጅዎ