እርማት፦ ሁለት «ዮሐን» ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም

«ከጀርመን ወደ አሜሪካ በተሰደደ ቤተሰብ ውስጥ ሁለት ዮሐን ካገኛችሁ አንድ ሰው ነው፤ መዝጋቢው ደግሞት ነው» የሚሉ የዘር ሐረግ ፈላጊዎች አሉ። ይሄ ብዙዎችን ያሳሳተ ነገር ስለሆነ ላርመው።

በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን በብዙ የጀርመን አካባቢዎች የአንድ ቤት ወንዶች ልጆች ሁሉ ዮሐን ተብለው ሊጠመቁ ይችሉ ነበር። የሚጠሩት ግን በሁለተኛው ስማቸው ነው። የሙዚቃ ሊቁን የባክን ቤት ይመልከቱ። አባትየው ዮሐን አምብሮዚየስ፣ ልጆቹ ዮሐን ክሪስቶፍ፣ ዮሐን ያኮብ፣ ዮሐን ሴባስቲያን። ስለዚህ መርከብ ላይ «ዮሐን» ተብሎ የተመዘገበ ሰው አሜሪካ ሲደርስ «ያኮብ» ሆኖ ቢገኝ አይግረምዎት።

ከዚህ የባሰም አለ። ሕፃን ሲሞት ስሙ ለሚቀጥለው ልጅ ይሰጥ ነበር። የመጀመሪያውን የጥምቀት መዝገብ ይዞ የሚሮጥ ሰው፣ በጨቅላነቱ የሞተውን ልጅ ቅድመ አያቴ ብሎ ይይዘዋል። የስንት ዓመት ልፋት በዚህ ገደል ሲገባ ያንገበግባል! እባክዎ የቀብር መዝገቡንም ይዩ።

ለመለየት የትውልድ መንደር፣ የሚስት ስምና የክርስትና ወላጆች ይረዳሉ። ጉዞው በጀርመኑ የሃምቡርግ ወደብ በኩል ከነበረ፣ ከ1850 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተያዘው የመንገደኞች መዝገብ የቀድሞ መኖሪያን ስለሚጠቅስ ከዚያ ይጀምሩ።