የሁለት እጅ ቅብ በስድስት እጅ ዋጋ

ከጋራዥ የተመለስኩት አሁን ነው፤ ንዴቴ ሳይበርድ ብጽፈው ይሻላል። ቪታራ መኪናዬን ከቀለሟ በላይ የሚነፋውን፣ ኋላ የሚላጠውን ቅብ ያስቀባኋት ለውበት እንዳልሆነ የምታውቁኝ ሁሉ ታውቃላችሁ። ከሞጣ ወደ ጮቄ ግርጌ የሚያስገቡት የገጠር መንገዶች ግራና ቀኛቸው ቀጋና አጋም ነው፤ ሁለት መኪና ሲተላለፍ አንዱ እሾህ ውስጥ መግባቱ የግድ ነው፤ የፋብሪካ ቀለም ደግሞ አንዴ እስከ ብረቱ ከተፋቀ በክረምቱ ዝናብ ዝገት ይጀምረዋል። ከላይ እንደ ጎማ የሚለጠጥ፣ ሲያረጅ ተገፎ የሚወጣ ልባስ ቢኖር ቀላሉን ጭረት እሱ ይቀበላል፣ የመኪናዋ ቀለም ይተርፋል ብዬ ነው ገንዘቤን ያወጣሁት። ሐሳቡ ዛሬም ትክክል ነው፤ ያበላሹት ሠሪዎቹ ናቸው።

ይህ ቅብ በአንድ ቁራጭ ተገፎ የሚወጣው ሲወፍር ብቻ ነው። ቢያንስ አራት አምስት እጅ፣ በተለይ ጠርዝ ጠርዙ ላይ ደግሞ ከዚያም በላይ መነፋት አለበት፤ አንዱ እጅ ጠፈፍ ሳይል ሌላው አይደረብበትም፤ ከመነፋቱ በፊትም አካሉ ከሰምና ከቅባት ፍጹም መጽዳት አለበት። እኔ የከፈልኩት ለስድስት እጅ ነው። በነሐሴ እርጥበት፣ ጣሪያ በሌለው ግቢ፣ ዝናብ ባባራባት ሰዓት ሁለት እጅ አርከፍክፈው «አልቋል፣ ውሰዳት» አሉኝ። ዛሬ የኮፈኑን ጠርዝ ይዤ ስስበው ምጣድ ላይ እንደያዘ እንጀራ እየተቆራረሰ እጄ ላይ ቀረ፤ ከሥሩም በጸዳ ቀለም ፋንታ የደብረ ማርቆስ ጭቃ ደርቆ አገኘሁ። ሳያጥቡት ነው የቀቡት! የታሰረው አሸዋ ደግሞ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ሊጠብቁልኝ የተከፈላቸውን ቀለም ሲፍቀው ከርሟል።

ይህንኑ ለባለጋራዡ አሳየሁት። ታላቄ ስለሆነ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጋሼ፣ የተስማማነው ስድስት እጅ ነበር፤ ይኸው ከሥሩ ቀዩ ቀለም ይታያል» አልኩት። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወንድምዓለም፣ የሚላጥ ነው ብለንሃል፤ ተላጠ። ታዲያ ምን ሆንክ?» አለኝ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። መላጥና መቆራረስ አንድ እንዳልሆነ ላስረዳው ስጀምር አቋረጠኝና፣ «መኪናህን ይህን ያህል የምትሳሳላት ከሆነ ሳሎን አስገብተህ አስቀምጣት» ብሎ ወደ ስልኩ ዞረ። ያልሳቀው የቀባው ልጅ ብቻ ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ብሎን ሲለቅም ነበር። ስንት እጅ እንዲነፋ እንደታዘዘ ያውቃላ!

በነዳጁ ጉዳይ የተናደድኩበትም ገና አልወጣልኝም። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ በጀሪካን በምንገዛበት ሰሞን የሚቀዳው ልጅ ግማሹን በታንከሩ አፍ ላይ አፈሰሰው። ቤንዚን ይህን ቅብ ያሟሟዋል፤ ወዲያው ለስልሶ ተዝለገለገና በጨርቅ ሲጠርገው ተጨማልቆ እስከ ኋላው ጎማ ወረደ። ሲቀቡልኝ «ነዳጅ እንዳይነካው ተጠንቀቅ» ብሎ የነገረኝ አንድ ሰው አልነበረም። እጥበት ቤቶችም የቅባት እድፍ በነጭ ጋዝ ካልጠረጉ የጸዳ አይመስላቸውም፤ እነሱንስ ማን ነገራቸው? ገንዘብ ሲቀበል አፉ የማይዘጋ ነጋዴ፣ ዕቃው ምን እንደሚያበላሸው ለመናገር ሲሆን ዝም ይላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ከስድቡ በኋላ የመጣው ነው። «እሺ፣ እናስለቅቅልሃለን» ብሎ ልጁን ምላጭና ቲነር አስይዞ ላከው። ምላጭ! ቀለሟ እንዳይፋቅ ብዬ ያስለበስኳትን መኪና በምላጭ ሊፍቋት፣ ከሥር ያለውን አንጸባራቂ ሽፋን ሊያደበዝዝ በሚችል ቲነር ሊያሿት ነው። የሳሳ ቅብ የሚነሳበት መንገድ እኮ የታወቀ ነው፦ አጥቦና አድርቆ በላዩ ላይ ያው ቅብ ወፍራም ሆኖ ይደረብበታል፣ በደንብ ይደርቃል፣ ከዚያ አዲሱ አሮጌውን ይዞት በሰፊው ይገፈፋል። ፀሐይ ሳያደርቀው በፊት ቢደረግ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል፤ ብዙ ከቆየ ይሰባበራልና።

ይህንን ሁሉ ቆሜ፣ በትሕትና፣ አንድ በአንድ ነገርኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ራሱን ነቀነቀ፤ የተግባባን መስሎኝ ነበር። «ጥሩ፣ አራት እጅ እንጨምርልሃለን» አለና ዋጋውን ጠራልኝ። አስቀድሜ የከፈልኩባቸውን፣ ያልተቀቡልኝን እነዚያኑ አራት እጆች ነው እንደ አዲስ የሚሸጥልኝ። ቁልፌን ከልጁ እጅ ተቀብዬ ወጣሁ። ባሕር ዳር ወይም ፍኖተ ሰላም ውስጥ ኮምፕሬሰር ያለው፣ ቆጥሮ የሚነፋና «ስነፋ ቆመህ እይ» የሚል ሠራተኛ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፤ ጠርዙ በየቀኑ እየተነሣ ነው።