ማሽላው ለዘር ከመታደሉ በፊት በሕይወት መኖሩ ይመርመር

በሚያዝያ ዝናቡ ጠብ ሲል በምሥራቅ ሐረርጌና በድሬዳዋ የገጠር ቀበሌዎች የማሽላ ዘር ፍለጋ ይጀመራል። ዛላ አንጠልጥሎ ያቆየ ገበሬ ብዙም አይጨነቅም። ያለፈው ዓመት ምርት የከዳው ግን ወይ ከቀፊራ ወይ ከባቢሌ ገበያ እህል ገዝቶ ይዘራል፣ ወይ በእርዳታ የመጣ ኩንታል ይቀበላል። በሁለቱም መንገድ የሚጠየቀው የዝርያው ስም ነው፦ ሙይራ የሚባለው ረጅሙ ማሽላ ነው? ቶሎ የሚደርሰው ነው? ፍሬው በሕይወት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። የዘር ስርጭታችን ቀዳዳ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

የማሽላ ዘረመል ሙሉ ንባብ እ.ኤ.አ. በ2009 ታትሟል። 10 ጥንድ ክሮሞሶሞች፣ ወደ 730 ሚሊዮን የሚጠጉ ፊደላት። ስኳር ሰባብረው ኃይል የሚያወጡትን ኢንዛይሞች የሚያሠሩ ዘረመሎች በብዛት በዚያ ውስጥ አሉ፤ ጥቂቶቹ ግን ከእናት ብቻ በሚወረሰው በማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም በሕዋሱ የኃይል ማመንጫ፣ ውስጥ ተቀምጠዋል። ሆኖም ዘረመል መኖሩ ሥራው መሠራቱን አያረጋግጥም። ደረቅ ፍሬ ውሃ ሲያገኝ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚተነፍሰው እናት ተክሏ በውስጡ ባስቀመጠችለት ኢንዛይምና ማይቶኮንድሪያ ነው፤ ከዘረመሉ እየተገለበጠ የሚሠራው አዲሱ ኋላ ይደርሳል። የተቀመጠው ስንቅ ከተበላሸ ሽሉ፣ ማለትም በፍሬው ውስጥ ያለው ቡቃያ የሚሆነው ክፍል፣ አይነሳም። የሞተ ፍሬ ዘረመል ግን ላቦራቶሪ ውስጥ ያለ ችግር ይነበባል፤ ዝርያውንም በትክክል ይናገራል።

ስንቁን የሚያበላሸው ማን ነው? በሐረርጌ በአብዛኛው ጉድጓዱ ነው። አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነው የእህል ጉድጓድ ለምግብ እህል የሚናቅ ጎተራ አይደለም። አፉ ተከድኖ ሲመረግ እህሉ፣ ነቀዙና ሻጋታው አየሩን ተሻምተው ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ነቀዙም ይሞታል። ጉድጓድ ሲከፈት ሳይናፈስ ሰው መግባት የሌለበትም ለዚሁ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ስለሚከብድ ታች ተኝቶ ይጠብቃል፣ ሰውም ይገድላል። ለዘር የሚሆነው ፍሬ ችግር ግን ሌላ ነው። ከአፈሩ ግድግዳ እርጥበት ወደ እህሉ ይገባል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። የረጠበ ሽል መተንፈስ ይጀምራል፤ ኦክስጅን ሲያጣ ደግሞ ፓይሩቬት ዲካርቦክሲሌዝና አልኮል ዲሃይድሮጂኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጡታል። ኦክስጅን ባለበት ከአንድ ግሉኮስ 30 ገደማ ኤቲፒ (ሕዋሱ ለሥራው የሚያውለው የኃይል ሞለኪውል) ይገኝ የነበረው 2 ብቻ ይሆናል። ሽሉ ስኳሩን በከንቱ ይጨርሳል፣ የሕዋሳቱ ሽፋኖች ይፈራርሳሉ። ከጉድጓድ የወጣ ማሽላ የሚሸተው የመፍላት ሽታም በከፊል ከዚህ ይመጣል።

ጥፋቱን በኦክስጅን እጦት ብቻ ማላከክ ግን ስህተት ነው። አየር በማያስገባ ከረጢት የታሸገ ዘር ኦክስጅን እያጣም በደንብ ይቆያል፤ ደረቅ እስከሆነ ድረስ። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በታች በሆነ ፍሬ ውስጥ ኢንዛይሞቹ ቆመዋል ማለት ይቻላል፤ የማይተነፍስ ፍሬ ኦክስጅን ቢያጣ ምን ይጎዳዋል? ለግምት ያህል ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ማሽላና ደረቅ ጨው ጨምሮ መነቅነቅ ይበቃል። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው።

በሕይወት መኖሩን በአንድ ቀን የሚነግረው የቴትራዞሊየም ምርመራ ነው። ቴትራዞሊየም ቀለም አልባ ጨው ሲሆን በሕይወት ያለ ሽል ውስጥ ሲገባ ዲሃይድሮጂኔዝ ኢንዛይሞች ሃይድሮጂን ያቀብሉትና ቀይ ይሆናል። ፍሬው በእርጥብ ወረቀት መሐል ያድራል፤ ጠዋት ሽሉን ለሁለት እንዲከፍለው ሆኖ በቁመቱ በምላጭ ይሰነጠቃል፤ ግማሹ ከ0.1 እስከ 1 በመቶ በሆነ ውህድ ውስጥ፣ በጨለማ፣ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይቆያል። ጀማሪን የሚያሳስተው ነጭ ሆኖ የሚቀረው ስታርቹ ነው፤ እሱ ድሮም ሕይወት የለውምና አይቆጠርም። የሚታየው ሽሉ ነው፤ የሥሩ ወይም የቡቃያው ቦታ ነጭ ከሆነ ፍሬው አይበቅልም። ብርሃን ውህዱን ራሱን ያቀላዋል፣ አሲድነት ያለው ውሃ ቀለሙን ያደበዝዛል። የሻገተ ፍሬ ደግሞ በሻጋታው ኢንዛይም ቀልቶ ያታልላል፤ ስለዚህ የላላና የተዥጎረጎረ ቀይ መጠርጠር አለበት።

እርጥብ ጨርቅ ላይ 100 ፍሬ ማብቀልም ይቻላል፤ ርካሽም ነው። መደበኛው የማሽላ ብቅለት ቆጠራ ግን በ4ኛውና በ10ኛው ቀን ስለሆነ ዝናቡ ከጣለ በኋላ የተጫነ ኩንታል ያን ያህል አይጠብቅም። በሚያዝያ ያልበቀለ ማሳ በሐምሌ ሲደገም የሚዘራው ቶሎ የሚደርሰው አጭሩ ማሽላ ነው፤ ረጅሙ ሙይራ ጊዜ አይበቃውም። ከእሱ ጋር የከብት መኖና የማገዶ አገዳውም ይቀራል። ስለዚህ ለዘር ተብሎ የሚታደል እያንዳንዱ ኩንታል የምርመራው ውጤትና ቀን ሳይጻፍበት ከመጋዘን መውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

ውጤቱ ዝቅ ሲል መጠን እንጨምር የሚሉ አሉ። 90 በመቶ ከሚበቅለው ለሄክታር 10 ኪሎ የሚበቃ ከሆነ 60 በመቶ ከሚበቅለው 15 ኪሎ ማለት ነው። በወረቀት ላይ ትክክል ነው። በማሳ ላይ ግን የተረፉት 60ዎቹም ጉልበታቸው ያለቀ ስለሚሆን ዝናብ ያጠነከረውን የአፈር ቅርፊት ሰብረው መውጣት ያቅታቸዋል። እንዲህ ያለው እህል ካልሻገተ ወደ ወፍጮ ቢሄድ ይሻላል። ምርመራው የዘር መድኃኒት ከመቀባቱ በፊት መደረግ ያለበትም ለዚህ ነው፤ ከተቀባ በኋላ ሞቶ ቢገኝ ለሰውም ለከብትም አይሆንም።