እምዬ ገጽ 5 ላይ ቀረች

ባለፈው ሳምንት ካናዳ ካለችው እህቴ ዕቃ መጣልን። ሰው ይዞት መጥቶ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ሄጄ ተቀበልኩ። ጫማ፣ ቫይታሚን፣ ለእናቴ ሹራብ፣ ከሥር ደግሞ አንድ የልጆች የሥዕል መጽሐፍ። ወደ አዲስ አገር ስለምትሄድ ልጅ ነው። እህቴ የላከችው ለልጇ ነው። ልጅቷ 6 ዓመቷ ነው፣ እኛ ጋ ጎንደር ነው ያደገችው፣ ቪዛዋ ወጥቷል፣ ጥምቀት እንዳለፈ ትሄዳለች። "ቀስ እያላችሁ አለማምዷት" ይላል መልእክቱ።

እኔም ማታ ማታ እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየመለስኩ ማለማመድ ጀመርኩ።

ታሪኩ የምትገምቱት ነው። ልጅቷ ሻንጣ ትይዛለች፣ አያቷን ትሰናበታለች፣ አውሮፕላን ትገባለች። ከዚያ በረዶ። ከዚያ ትምህርት ቤት፤ የምትለው ለማንም አይገባም፣ ታኮርፋለች፣ አንዷ እርሳስ ታውሳታለች፣ ጓደኛ ይሆናሉ፣ መጨረሻ ላይ ትስቃለች። አለቀ። ሥዕሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል።

ችግር የጀመረው በረዶው ላይ ነው። "በረዶ ዘነበ" ስላት ፊቷ ተለወጠ። "አክስቴ፣ ራሷን አይመታትም?" ጎንደር ያደገ ልጅ በረዶ ሲባል የሚያውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበውን፣ ሰብል የሚያረግፈውን ነው። እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርድ ሌላ በረዶ አለ ብዬ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ፤ ቃሉ አንድ ነዋ! መጽሐፉን የጻፈው ሰው በረዶውን ያየው ከዚያኛው አገር መስኮት ነው። የኔዋ ልጅ ግን ገና እዚህ ናት።

ሁለተኛው ጥያቄ ባሰ። ገጹን ወደ ኋላ ገለበጠች፣ ወደ ፊት ገለበጠች። "አያቷስ?" አለችኝ። እኔም ፈለግኩ። እንዲህ ያለ መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ 32 ገጽ ነው፤ አያትየዋ ገጽ 5 ላይ እጇን ታውለበልባለች፣ ከዚያ ወዲያ የለችም። ስልክ እንኳ አትደውልም። እናቴ አጠገባችን ቡና እየቆላች ነበር፤ ልጅቷ እሷን አየት አድርጋ "እምዬም ገጽ 5 ላይ ትቀራለች?" ስትል እናቴ እንዳልሰማ ሰው መቁላቷን ቀጠለች።

እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ስለ ስደት ለልጆች ሲጻፍ ብዙ ጊዜ ዋናው ታሪክ ከደረሱ በኋላ ያለው ነው። እኛ ከተማ ግን ትልቁ ታሪክ ከመሄድ በፊት ያለው ነው። ጥበቃው። በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወስደዋል፤ ሲወራ የሚወራው ስለዚያች 36 ሰዓት ነው። ጎንደር ግን ዘመዶቻቸውን ለመከተል ዓመታት የጠበቁ፣ እየጠበቁ ልጅ ወልደው ያሳደጉ ሰዎች አሉ። አሁን ደግሞ ያልጠበቀ ማን አለ? ዲቪ የሞላው፣ ስፖንሰር የሚጠብቀው፣ "ፕሮሰስ ላይ ነኝ" የሚለው። "ፕሮሰስ" የምትለዋን ቃል የእህቴ ልጅ ፊደል ሳትቆጥር ነው ያወቀቻት።

ደግሞ የሚገርመኝ፣ ስለ ስደት ለልጅ በሥዕል መንገር ለኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከከተማው ወጣ ብሎ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያሠሩት የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን አለ። ቁስቋም የግብፅ ቦታ ስም ነው፤ እመቤታችን ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በጽጌ ማኅሌቱ ያንን ስደት ሲያነሳ ያድራል፣ ኅዳር 6 በዓሉ ይከበራል። ሥዕሉን ስንት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ አይታችሁታል፦ እመቤታችን ሕፃኑን አቅፋ፣ ዮሴፍ፣ ስንቅ የተሸከመችው ሰሎሜ። ሠዓሊው የሣለው መንገዱን ነው። ማን አብሮ እንደሄደ፣ ምን እንደያዙ። ማንበብ የማትችለው አያቴ ያንን ሥዕል እያሳየች ነበር ታሪኩን የነገረችኝ። ልጅ ሆኜ ጭንቅ ብሎኝ የነበረው የሰሎሜ እግር ነው፣ ያ ሁሉ መንገድ!

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልማድ ያለን ሰዎች የልጆቻችንን ስደት ከሌላ ቋንቋ እየመለስን እናነባለን። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ራሳቸው ተሰደው አሜሪካ ገብተው፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠሩ፣ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ ፈልገው አጡ። ተመልሰው መጡና በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ ብዙ የልጆች መጽሐፍ ታትሟል። ተረቱ፣ ጅቡ፣ ጦጣዋ ሁሉም አለ። ሻንጣው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። 23 ኪሎ እንዳያልፍ በርበሬውና ሽሮው በሚዛን ሲመዘን፣ እምዬ "ትንሽ ድርቆሽ ጨምሪበት" ስትል፣ ልጅቷ አሻንጉሊቷ እንዳይቀር ሚዛኑን አፍጥጣ ስታይ፣ ይሄ ሁለት ገጽ አይሞላም? ዳባት አጠገብ መጠለያ ላሉት የኤርትራ ልጆች፣ በመተማ በኩል ከሱዳን ጦርነት ሸሽተው ለገቡትም አዲሱ አገር የኛው አገር ነው። የነሱንም የሚሥል ያስፈልጋል።

ሁሉን በመጽሐፉ ላይ እንዳላላክክ፣ የራሳችንንም ልናገር። እህቴ የሄደችው ከ3 ዓመት በፊት ነው፣ ሌሊት፣ ልጅቷ ተኝታ። "ካየቻት አትለቃትም" ተባለ። ጠዋት ስትነሳ "እማማ ሱቅ ሄዳለች" አልናት። ሁላችንም፣ እኔም ጭምር። ወራት ሙሉ ሱቅ በር ላይ ባለፍን ቁጥር አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ታያለች። ባለሱቁ ከረሜላ የምትፈልግ መስሎት ይሰጣት ነበር።

አሁን ደግሞ የወንድሜ ልጅ አለ፣ 4 ዓመቱ ነው፣ ከእሷ ጋር አንድ አልጋ ነው የሚተኛው። ትናንት ማታ ምን እንደምንለው ስንመካከር እናቴ ስኒ እያጠበች "ሱቅ ሄዳለች እንበለው" አለች።