ባሕር የሚያከራየው ቤት

ወዳጄ የቤቱን ፎቶ ሲልክልኝ፣ እውነቱን ልናገር፣ ቀናሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ሰማያዊ በር፣ ከበሩ ፊት አሸዋ፣ ከአሸዋው ወዲያ ባሕር ብቻ። ጥግ ላይ አንድ የኮኮናት ዛፍ እጅ እንደሚነሳ ሽማግሌ ጎንበስ ብሏል። «መጥተህ እረፍ» አለኝ። በመኪና፣ ከዚያም በጀልባ ሄድኩ።

በሩ አልዘጋም አለ።

«እርጥበቱ አሳብጦት ነው» አለ ወዳጄ፣ ስለታመመ ዘመድ እንደሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ዝናቡ ሲያባራ ይከሳል።»

ለካ ወዳጄ ተከራይ ኖሯል፤ ባለቤቱ ባሕሩ ነው። ማዕበሉ በተሰበረ ቁጥር ዓይን የማያየው የጨው ጠብታ ወደ ላይ ይረጫል። ነፋሱ ተሸክሞ ያመጣና ማጠፊያው ላይ፣ ምስማሩ ላይ፣ የማቀዝቀዣው ጀርባ ላይ ያሳርፈዋል። ጨው ደግሞ ከአየር ውኃ ስለሚስብ ብረቱ ዝናብ ሳይነካው ረጥቦ ያድራል፤ ከዚያ ዝገት ነው። «አይዝግም» ተብሎ የተገዛው የመጋረጃ ዘንግ እንኳ ፊቱ ላይ ቡናማ ጠቃጠቆ አውጥቷል። ሞሊብዲነም የሚሉት ብረት የተቀላቀለበት፣ 316 የሚባለው የማይዝግ ብረት ዓይነት ባሕርን የተሻለ ይችለዋል፤ እሱ ግን «መርከቧ ስትመጣ» ነው። የገበታው ጨውም ረጥቦ ከዕቃው አልወርድ ብሏል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ? እዚህ ከምግቡ በቀር ቤቱን ሁሉ አጣፍጦታል።

«መርከቧ ስትመጣ» የከተማዋ ሁለተኛ ሰላምታ ነው። አምፖል ሲቃጠል፣ ጥርስ ሲነቀንቅ፣ ሠርግ ሲታሰብ፣ መርከቧ ስትመጣ! የመጣች ቀን ታዲያ ሕዝቡ ወደብ የሚወርደው የራሱን ዕቃ ሊረከብ ሳይሆን የጎረቤቱን ሊያይ ነው። ወዳጄ ያዘዘው ጓጉንቸር ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ አምስት ሰው «ቤትህ ምን ቢገባ ነው?» ብሎ ጠይቆታል።

ከዛፉ ሥር ወንበር ዘርግቼ ላነብ ስልም ጎረቤቱ አሮጊት ከሩቅ ጮኹብኝ። «ልጄ፣ እዚያ የሚቀመጠው እንግዳ ብቻ ነው!» ቀና ብዬ አየሁ። እያንዳንዱ ፍሬ ከኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ዛፉ ደግሞ ማን ከሥሩ እንዳለ አይጠይቅም። ወንበሬን ይዤ ሸሸሁ።

በከተማዋ የቤት ችግር የሌለባቸው ሸርጣኖቹ ናቸው። ባዶ ዛጎል ለብሰው የሚኖሩት ማለቴ ነው። አንድ ሰፊ ዛጎል የተገኘ እንደሆነ ከትልቅ እስከ ትንሽ በመጠናቸው ይሰለፋሉ፤ ትልቁ ወደ አዲሱ ሲገባ ቀጣዩ እሱ የለቀቀውን ይወርሳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ እስከ ጭራው። ደላላ የለ፣ ቀብድ የለ። ግማሽ ቀን ቆሜ ሳያቸው ዋልኩ፤ ከእረፍቴ ሁሉ ያረፍኩት ያኔ ነው።

አናጢው መጣና በሩን በመላጊያ ልጎ ልክ አስገባው። ጓጉንቸሩ ተሰቀለ። ወዳጄ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ አብረን ወደ ባሕሩ ወረድን። ከምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ፀሐይዋ 12 ሰዓት ገደማ ስትጠልቅ ማመንታት የለም፤ ጉድጓድ እንደገባ ሳንቲም እልም ትላለች። በጨለማ እየተደናበርን ተመለስን።

ጓጉንቸሩ አልከፈትም አለ። አሸዋ ገብቶበት ይሁን ጨው፣ ቁልፉ ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ወዳጄ ገፋ፣ ነቀነቀ፣ ለመነ። ይሄኔ ከውስጥ መብራት በራ።

«ማነው?» አለ ወዳጄ።

«እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ በመስኮቱ ብቅ ብለው። የመስኮቱ ማጠፊያ ዝጎ ክፍቱን ከቀረ ዓመት አልፎታል። «በርህ ተቆልፎ ባየው ክፉ ነገር የደረሰ መስሎኝ ደንግጬ ገባሁ። በሉ፣ በዚህ ግቡ፤ ሻይ ጥጃለሁ።»