እርማት፦ ሰዋስው ፊደልን አይጠብቅም

«በጅማ አካባቢ የሚነገሩ ቋንቋዎች ሰዋስው ያገኙት ፊደል ከተቀረጸላቸው በኋላ ነው» የሚለው አስተያየትዎ ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም ትክክል አይደለም። አፋን ኦሮሞ ቁቤን (በላቲን ፊደል ላይ የተመሠረተውን አጻጻፍ) በይፋ የተቀበለው በ1984 ዓ.ም. ሲሆን፣ ጀርመናዊው ካርል ቱትሼክ ያዘጋጀው የኦሮሞ ቋንቋ ሰዋስው ግን በ1845 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ ታትሟል። አጥኚው ሥርዓቱን ከተናጋሪዎች አፍ መዘገበ እንጂ አልፈጠረውም፤ ጅማ ገበያ ውስጥ ፊደል ያልቆጠሩ እናት እንኳ «ሰው መጣ» ለማለት «ነምኒ ዹፌ»፣ «እሱ ሰው አየ» ለማለት ደግሞ «ነመ አርጌ» ሲሉ ባለቤቱን በምልክት ለይተው ተሳቢውን ያለ ምልክት ይተዉታል። አማርኛ በተቃራኒው ባለቤቱን እንዳለ ትቶ የታወቀውን ተሳቢ በ«ን» ይለያል። የጅማ ጎረቤት የሆነው የየም ሕዝብ ቋንቋም እንዲሁ የድምፅን ከፍታና ዝቅታ ትርጉም ለመለየት ይጠቀምበታል፤ ይህን ያህል ረቂቅ ሥርዓት «ሰዋስው የለውም» ማለት በተናጋሪዎቹ ላይ የሚፈጸም በደል ነው።